ከገደሉ ሥር የጠፋው ድንጋይ

የእማማ አልነቃነቅምን ጓሮ ባሕር በላው። ዘንድሮ ደግሞ አጥሩን ጠቅልሎ ወስዶ ወደ ቤታቸው ግድግዳ እየቀረበ ነው። ዘመድ ቢመክር፣ ጎረቤት ቢለምን መልሳቸው አንድ ነው፦ «ከዚህ የሚነቅለኝ የፈጠረኝ ብቻ ነው!» ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው።

የድንጋይ ትምህርት የተማረችው ልጃቸው መጥታ ቤቱ የቆመበትን ገደል ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እማዬ፣ ያ ወደ ባሕሩ ዘልቆ የገባው መሬት ጥቁር አለት ነው። ማዕበል ቢደበድበው፣ ቢደበድበው ቶሎ አይበላውም። የኛ ግን ለስላሳ አፈር ነው፤ እንደ ዳቦ ይቆረሳል።»

«ታዲያ እስከዛሬ እንዴት ቆመ?»

«እዚያ ማዶ ከገደሉ ሥር የተከመረው ይታይሻል? ከአለቱ ተፈንቅሎ ማዕበል ያመጣው ድንጋይ ነው። ውሃው እሱ ላይ እየተሰበረ ገደሉ ይተርፋል። ከኛ ሥር የነበረውን ግን ሰው ለቅሞታል።»

«ቢመለስስ?»

«ቢመለስማ እንተርፋለን።»

እማማ ከዘራቸውን አንስተው በቀጥታ ግንበኛው ደጅ ቆሙ። በሰፈሩ ከሱ በፊት ግንበኛ አልነበረም።

«አንተ! ድንጋዬን የት አደረስከው?»

ግንበኛው አቀረቀረ። «እማማ፣ ይተዉት። ስንት ዘመን ያለፈ ነገር ነው።»

«እግዜር ያሳይህ! ሌባ ሲያዝ ያለፈ ነው ይላል። ባሌ ሙሽራ ሳለሁ አሠርቶ ያስገባኝ ቤት ሊናድ ነው እኮ!»

«እርስዎን ማስከፋት አልፈልግም።»

«አስከፍተኸኛል!»

ሰፈርተኛው ተሰበሰበ። የሳቸው ገደል ከተናደ የመንደሩ መንገድም ይከተላልና ጉዳዩ የሁሉም ነበር። እማማ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ድንጋዩ የተገኘበት ቤት፣ የማንም ይሁን የማን፣ ይፍረስ! ድንጋዩም ቦታው ይመለስ!»

«ይሁን!» አለ ሰው ሁሉ። ግንበኛው ብቻ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ይህንንም ሁሉም አየበት።

የባሕሩ ጨው ግድግዳ ስለሚበላ በሰፈሩ ኖራ ያልተለቀለቀ ቤት የለም። እየፋቁ ማየት ግድ ሆነ። በግንበኛው ቤት ጀመሩ፦ ጡብ። የሱቅ ነጋዴው፦ እንጨትና ጭቃ። የዓሣ አጥማጁ፦ ጡብ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ደክሞት ቆመ።

«በቃ፣ አለቀ» አለ ነጋዴው።

«ማን አለቀ አለህ?» አሉ እማማ። «የኔስ ቤት አይደለም? በሰው ላይ የፈረድኩትን ከራሴ ላይ አላነሳም። አንተ ግንበኛ፣ ና ፋቅ!»

«እማማ፣ በፈጠረዎት ይቅርብዎት» አለ ግንበኛው። መዶሻውን ወደ ኋላው ደበቀ።

«ወዲህ በል!» ብለው ነጠቁትና የገዛ ግድግዳቸውን መቱት።

ኖራው እንደ ቅርፊት ተላጠ፤ ከሥሩ ማዕበል ያለሰለሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ተራ በተራ፣ ከመሠረቱ ጀምሮ ተደርድሯል።