የማያርመው ማጫወቻ

ዘንድሮ የሚሸጠው ቴሌቪዥን ሁሉ ሰው ያርማል። የተጨማደደ ፊት ያቃናል፣ የተንተባተበ አንደበት ያስተካክላል። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የሠርጋቸውን ቪዲዮ ሲከፍቱ ሟች ባላቸው ንግግራቸውን እንደ ዜና አንባቢ አንበለበሉት።

«ይሄ ማነው?» ብለው አለቀሱ። «የኔ ደምሰው ተብታባ ነበር። ቃሉን የምጨርስለት እኔ ነበርኩ!»

እኔም ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት መሐንዲስ፣ ሰው ከጣላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ዕቃ ለቃቅሜ፣ ምንም የማያርም ማጫወቻ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ገጣጠምኩ። ማራገቢያውን ገልብጬ ስለገጠምኩት ሙቀቱን መልሶ ወደ ውስጥ ይነፋል። ዕውቀቴ እዚያ ድረስ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሠርጉን ቪዲዮ ከፈትኩላቸው። ሙሽራው ማይክ ጨበጡና «አስ... አስ... አስ...» አሉ።

«ይኸው፣ ማሽኑ ተያዘብኝ!» አልኩና እንደ ልማዴ ቆርቆሮውን ጥፊ ላቀምሰው እጄን ሰነዘርኩ።

እትዬ አስካለ ክንዴን ቀብ አደረጉት። «አንተ ሰውዬ፣ ባሌን ልትመታው ነው እንዴ?»

ከዚያ እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«አስካለ» ብለው ጨረሱላቸው። «አቤት፣ ደምሴ።»