አዛምዱ

ቀዩ ዜሮ ወረቀቱ ላይ ተቀምጦ አጁሉን ዓይን ዓይኗን ያያት ነበር። የስምንተኛ ክፍል የኅብረተሰብ ፈተና ነው። በግራ በኩል የአካባቢው ሕዝቦች፣ አኝዋ፣ ኑዌር፣ ማጃንግ፣ ደገኛ ተብሎ ተጽፏል፤ በቀኝ በኩል መተዳደሪያቸው፣ ዓሣ ማስገር፣ ከብት ማርባት፣ ማር መቁረጥ፣ እርሻ። ከላይ ትዕዛዙ «አዛምዱ» ይላል። አጁሉ ከ«አኝዋ» ብቻ አራት መስመር ዘርግታ ወረቀቱን የዓሣ መረብ አስመስላዋለች። ከ«ደገኛ» ግን አንድ ብቻ፣ ወደ እርሻ።

«አዛምዱ ሲባል ለአንዱ አንድ መስመር ነው፤ መስመር ከበዛ ሁሉም ዜሮ» አሉ መምህር ዳምጤ፣ ራሳቸው የደገኛ ሰፋሪ ልጅ ናቸው። «አማርኛው ከብዶሽ ይሆናል።» ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

አጁሉ ወረቀቷን ይዛ ወደ ጠረጴዛቸው ወጣች። «ቲቸር፣ ቃሉ ከዘመድ ነው የመጣው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። አንድ ዘመድ ብቻ ያለው ሰው የት አለ? እኔ አኝዋ ነኝ፤ አባቴ ከባሮ ዓሣ ያወጣል። እናቴ በቆሎ ትዘራለች። አጎቴ ከማጃንጎች ጋር መቲ ጫካ ውስጥ ማር ይቆርጣል። አክስቴ ኑዌር አግብታ ላም ታልባለች። የትኛውን ልሰርዝ?»

«ትርፉን ሰርዢና ነጥብሽን ላስተካክልልሽ» ብለው ቀዩን እስክሪብቶ ዘረጉላት።

ተቀበለች። ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አንጥፋ፣ ሳትቸኩል፣ ከ«ደገኛ» እስከ «ዓሣ ማስገር» አንድ ቀይ መስመር አሰመረች።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ይቺን ረስቻት ነበር» አለች። «ቅዳሜ ባሮ ዳር መንጠቆ ይዘው አይቼዎታለሁ።»