የደፋችው የኪያር ውሃ

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብላ ሙሉውን ጠርሙስ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው…

ቦዤና ትባላለች። እናቷ ገኖቬፋ ካረፉ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ከሕንፃው ስር ያለውን ዕቃ ቤታቸውን ስታጸዳ ያገኘችው የመጨረሻው ጠርሙስ ነበር… ኪያሩ ተበልቶ ውሃው ብቻ የቀረ። ድፍርስ ያለ፣ ከላዩ ነጭ ነገር የያዘ።

«በስብሷል» አለች። ደፋችው። ጠርሙሱንም በሳሙና አጠበችው።

እኔ እዚሁ ሉብሊን ከተማ፣ ከነሱ አንድ ፎቅ ዝቅ ብዬ ነው የምኖረው። ብደርስባት ኖሮ እጇን እይዘው ነበር።

ለምን መሰላችሁ?

አባቷ አቶ ኤድሙንድ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ምግብ እምቢ ብለዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሱሪያቸው ከወገባቸው እየወረደ ነው። ሐኪሙ እቅጩን ነገራት… «ዓርብ ስድስት ሰዓት ላይ መጥቼ አያቸዋለሁ። እስከዚያ ካልበሉ ሆስፒታል ገብተው በቱቦ ነው የሚመገቡት።»

እሳቸው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የእናትሽን የኪያር ሾርባ።»

ሰኞ ከሱቅ የኮመጠጠ ኪያር ገዝታ ሠራች። አንድ ጊዜ ቀምሰው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ይሄ አቼቶ ነው።»

ማክሰኞ ኪያሩን ጨመረች፣ ድንቹን ቀነሰች፣ ክሬም አደረገችበት።

«አቼቶ ነው አልኩሽ እኮ ልጄ።»

ከሰዓት እኔ ጋ መጣች።

«አንቺ… ምንድን ነው የጎደለኝ?»

«ውሃው ነዋ! ኪያር በጨውና በእንስላል ተዘፍዝፎ ሲኮመጥጥ የሚተርፈው ውሃ። ሾርባውን ሾርባ የሚያደርገው እሱ ነው። ድፍርሱ።»

«ድፍርሱ?»

«ካልደፈረሰማ ምኑን ኮመጠጠ?»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች። የደፋችውን ነገረችኝ። አዘንኩላትም፣ ተናደድኩባትም። ሃያ ዓመት ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብሎ ከሱቅ መብላት እንዲህ ያደርጋል።

ግንቦት ነው እንግዲህ። አዲስ ኪያር እስከ ሐምሌ የለም፣ ያምናውን ሁሉም ጨርሶታል።

ቦዤና ግን እልኸኛ ናት። «አባቴ በቱቦ አይበላም» ብላ ረቡዕ ጠዋት ባዶ ጠርሙስ ይዛ ተነሳች። የአራት ሕንፃ በር አንኳኳች። አንዷ «ጨርሰናል» አለቻት። ሌላዋ «ባሌ ለአንጎበሩ ጠጣው» አለቻት። አንዲት ደግ ሴት ግማሽ ብርጭቆ ሰጠቻት።

ሐሙስ ጠዋት በሱ ሠራች። አባቷ ሦስት ማንኪያ በሉ።

«ጥሩ ነው… የገኖቬፋ ግን አይደለም» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ያልተንኳኳ አንድ በር ብቻ ቀረ። የራሳችን ሕንፃ፣ ታችኛው ፎቅ… ወይዘሮ ሌኦካዲያ።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አቶ ኤድሙንድ የሴትዮዋ ሟች ባል የተከለውን የቼሪ ዛፍ «ፍሬው መኪናዬን አቆሸሸው» ብለው አስቆረጡባት። በዚያው ተኳረፉ። ከቤታቸው ማንም ሰው ለሷ ሰላምታ እንዳይሰጥም ከለከሉ።

«ተይ፣ ታዋርድሻለች» አልኳት።

«ታዋርደኝ» ብላ ወረደች። እኔም ተከተልኳት… ምን ላድርግ፣ ነገር ማየት እወዳለሁ።

«ወይዘሮ ሌኦካዲያ… አባቴ አልበላ ብሎኛል። የኪያር ውሃ…»

ሴትዮዋ እስክትጨርስ አልጠበቀችም። ወደ ዕቃ ቤቷ ወርዳ አንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ድፍርስ ያለ።

«የእናትሽ ነው» አለች።

«የእናቴ? እንዴት?»

«በየሐምሌው ኪያር ስዘፈዝፍ እርሾ እንዲሆነኝ ከአሮጌው ውሃ ታመጣልኝ ነበር። የሷ በተበላሸ ዓመት ደግሞ እኔ እሰጣታለሁ። አባትሽ እንዳያይ ቅርጫት ውስጥ፣ ከልብስ ስር ደብቃ ነው የምትመጣው። አሁንማ የሷ ይሁን የኔ እኔም አልለየውም… ተደባልቋል።»

ቦዤና ደረጃውን እየወጣች ነው ያለቀሰችው። ቆሞ ለማልቀስ ጊዜ የላትማ።

ዓርብ ረፋድ ላይ እኔም ባለሁበት ሾርባው ቀረበ። አቶ ኤድሙንድ አንድ ማንኪያ… ሁለት… ሳህኑን ጨረሱት።

«ጨምሪልኝ።»

ሁለተኛውን ጀምረው ቀና አሉ።

«ከየት አመጣሽው?»

ብትዋሽ ይበላሉ። እውነቱን ከነገረቻቸው ሳህኑ ይወረወራል፣ አውቃቸዋለሁ።

«ከወይዘሮ ሌኦካዲያ» አለች፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች።

ማንኪያቸው አየር ላይ ቆመ።

«አውቃለሁ» አሉ።

ሁለታችንም ክው አልን።

«አሥራ አንድ ዓመት እናትሽን በበሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ቅርጫቷን ይዛ ወደ ሌኦካዲያ ስትወርድ ጠርሙሱ ይንቃጨላል እኮ። አንድ ቀን ራሷ ትነግረኛለች፣ እኔም ‹በቃ ይቅር› እላታለሁ ብዬ ጠበቅኩ… እሷ እኔን ፈራች። እኔ እሷን ጠበቅኩ። በመሃል ሞተችብኝ።»

አለቀሱ። እያለቀሱም ሳህናቸውን ጨረሱ። ከዚያ «ጫማዬን አምጪልኝ» አሉ።

እዚህ ባዶ ጠርሙስ ለባለቤቱ ይመለሳል። የታጠበውን ጠርሙስ አቅፈው፣ ግድግዳ ግድግዳውን እየያዙ፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወረዱ። ልንደግፋቸው ስንል እጃችንን መለሱት።

ወይዘሮ ሌኦካዲያ ከፈተች።

«ጠርሙስሽን አመጣሁ» አሉ። «ዛፉን ደግሞ… መቁረጥ አልነበረብኝም።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ተቀበለች።

«ሾርባው ተርፏል?»

«ተርፏል።»

«አሙቁት እንግዲህ። ነጠላ ጫማዬን ልቀይርና መጣሁ።»

ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ ሲመጣ አንድ ገበታ ላይ ነው ያገኛቸው።

እኔ ከዚህ የተማርኩት… ሦስት ሰዎች አንድን ነገር አሥራ አንድ ዓመት ያውቁ ነበር፣ ሦስቱም ዝም አሉ። አንዷ ይህን ቀን ሳታይ ሄደች። በልብ ይቅር ማለት አይበቃም። ሰውየው ቆሞ እየሰማ፣ በአፍ ነው የሚባለው።

እናንተስ? በልባችሁ ይቅር ብላችሁት እስካሁን ያልነገራችሁት ሰው ማን ነው? መጀመሪያ ደውሉለት… ከዚያ ምን እንዳላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።