ቁንዝላ ያረፈው ምንጣፍ

እማማ ሸጊቱ የአንዲት ትንሽ መጫወቻ ምንጣፍ ዘርፍ ሲሰፉ የልጅ ልጃቸው ቢያዝን በጠረጴዛው ማዶ የጧፍ ሰም አቅልጦ ቆርኪ ውስጥ አፈሰሰ። ሰሙ ሳይረጋ ቀጭን ሽቦ ተከለበት። በሽቦው ጫፍ ምንጣፍ ትቀመጣለች፣ በምንጣፏ ላይ ደግሞ ተሳፋሪ። እንግዲህ መብረር ማለት ይህ ነው።

ምንጣፎቹ ከአውራ ጣት አይበልጡም። ጨርቁ የቢያዝን እናት ሰገነት ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምታመጣው ቁርጥራጭ ነው፤ በዱቄት ሙጫ ነክረው፣ ነፋስ ያነሣው እንዲመስል ጫፍና ጫፉን ቆልምመው ያደርቁታል። ተሳፋሪዎቹ ሽምብራ ናቸው። ከጥራጥሬ ሁሉ አፍንጫ ያለው ሽምብራ ብቻ ነው ብሎ የመረጠው ቢያዝን ነው።

ጨዋታውንም የፈጠረው እሱ ነው። የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ ከጠና ወዲህ ከቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ትምህርቱም ቀረ። ካርቶን ላይ ጣናን ሣለ፤ የሚኖሩባትን ባሕር ዳርን፣ ዘጌን፣ ደቅን፣ ቁንዝላን። ውሃው ውስጥ ዘንዶ አኖረ። ምንጣፍ ከየብስ ወደ የብስ ይበራል እንጂ ውሃ ላይ ካረፈ ዘንዶው ይውጠዋል። በፊት ዛጎል እየጣልን እንቁጠር ብሎ ነበር። «ዛጎልማ ቤቴ አይጣልም» አሉት። «የቄስ ሚስት ሆኜ ኖሬ በስተርጅና ጠንቋይ ልታደርገኝ ነው?» ስለዚህ ቆርኪ ይጣላል፤ በጀርባው የተኛው ይቆጠራል።

«እምዬ፣ ተራው የእኔ ነው» አለ።

«ጣል እንጂ፣ ማን ያዘህ?»

ሳይጥል የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ።

ቢያዝን ወንበሩን ረግጦ ቆጡ ላይ ወጣና ከበቆሎው ጆንያ ኋላ ተኛ። ለምደውታል። ድሮ በር ሲንኳኳ የእማማ ሸጊቱ ልብ ይዘል ነበር፤ አሁን እንደ ደነዘዘ እግር ሆኗል፤ መኖሩን ያውቃሉ እንጂ አይሰማቸውም። መርፌያቸውን እንኳ አላስቀመጡም።

የገባው አካሉ ነው፣ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ። ጠመንጃውን እንዳነገተ ነው። የጎረቤት ልጅ ነው፤ ሕፃን ሳለ ገላውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ቁጭ በል። አብዮቱ ዛሬም አላሳረፈህ?»

«እኔን አሳርፎ ማንን ያሠራል? ቢያዝን የለም?»

«ዱርቤቴ አጎቱ ዘንድ ነው አላልሁህም?»

«ብለውኛል። ባለፈውም ብለውኛል።» በልጁ ወንበር ላይ ተቀመጠና ካርቶኑን አየ። «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ምንጣፍ። የሚበር።»

«ጉድ ነው እኮ። እኛ አውቶቡስ አጣን፣ እርስዎ ሽምብራ በአየር ይሰዳሉ። ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?»

«ከራሴ ጋር። አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ እየተቀመጥሁ።»

አካሉ አንዱን ቆርኪ ብድግ አደረገ። አውራ ጣቱ ሰሙ ውስጥ ሰመጠ። ጣቱን አየ፤ ቀጥሎ የእሳቸውን እጅ አየ። እጃቸው መርፌና ክር ይዟል እንጂ ሰም አልነካውም።

«ሰሙ ትኩስ ነው» አለ።

እማማ ሸጊቱ ይሰፋሉ። ከቆጡ አንዲት የበቆሎ ፍሬ ተንከባላ ወረደችና ካርቶኑ ላይ ጠብ አለች፤ መሀል ውሃው ላይ። ሁለቱም አላነሷትም።

«ሕጉ እንዴት ነው?» አለ አካሉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ውሃ ላይ ማረፍ የለም። ዘንዶ አለ።»

«እኔም አንድ ሕግ ልጨምር?»

«ጠመንጃ ይዘሃል፣ ማን ይከለክልሃል?»

«ነገ ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዳር ላይ የተገኘ ምንጣፍ ሁሉ ይታፈሳል። ቤት ለቤት፤ ቆጥም አይቀር። የሚመጡት ከሌላ ቦታ ናቸው፤ እኔንም አያውቁ፣ እርስዎንም አያውቁ።»

መርፌው ጣታቸውን ወጋ። ደሙን አዩት እንጂ አላመማቸውም።

«ዘንዶውስ?» አሉ።

«ዘንዶው የሚጠብቀው ትልቁን ጀልባ ነው። ታንኳ አይቆጥርም።» ቆርኪ ሳይጥል የቢያዝንን ምንጣፍ ከባሕር ዳር አነሣና፣ በዘጌ አናት አሳልፎ ቁንዝላ ላይ አቆማት። «እዚያ ሰው አለዎት?»

«እህቴ አለች።»

«በሉ እንግዲህ፣ ይኸ ጨዋታ አለቀ።» ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ቢያዝን ወረደ። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ግን ካርቶኑ ላይ ነው።

«ቆርኪ ሳይጥል እኮ ነው የሄደው» አለ። «እዚያ ድረስ በአንድ ጊዜ አይደረስም።»

«ይደረሳል። ጋቢዬን ያዝ፣ ውሃ ላይ ይበርዳል። እህቴ ቤት ውሻ አለ፤ ሳትጣራ እንዳትገባ። ፀሐይ ስትጠልቅ ታንኳዎቹ ወዳሉበት ወደ ደንገሉ ዳር እንወርዳለን።»

ሊነሡ ሲሉ ምንጣፏ ከጉልበታቸው አልላቀቅ አለች። ዘርፏን ሲሰፉ ከቀሚሳቸው ጋር አብረው ሰፍተዋታል። ዕድሜ ልካቸውን ሲሰፉ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው አያውቁም።

ልጁ አየና ሳቅ ሊል ሞከረ። «እምዬ፣ እርስዎም ሊበሩ ነው?»

«መቀሱን አቀብለኝ።»

አቀበላቸው። ከዚያ ክሩን አንድ ባንድ ቆረጡና ምንጣፏን መዳፉ ላይ አኖሩለት። ዘርፏ ግን ቀሚሳቸው ላይ እንደ ተሰፋ ቀረ።