የአስፋልቱ ማለቂያ

ሰውዬው ብስክሌት መሸጫው ውስጥ የአስፋልቷን ብስክሌት መሪ ይዞ፣ በተራራ ብስክሌቱ እንደለመደው ቁልቁል ተጫናት። እንደ ተራራዋ የሚያረግብ ሞላ የላትምና ንቅንቅ አላለችም፤ ይልቅ የእጁን አንጓ ነዘረችው። ገደል ስለሚወድ «ፍየሌ» የምትለው ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። «ይቺ አትሰግድልህም!»

እሱ ግን አልሳቀም። ሁልጊዜ እሁድ አብረው ወጥተው አስፋልቱ ሲያልቅ ይለያዩ ነበር፤ እሱ ወደ ተራራው፣ እሷ በቀጫጭን ጎማዎቿ ወደ ቤት። ባለፈው እሁድ ዞር ብሎ ሲያይ ግን አልሄደችም፤ እዚያው ቆማ እሱ ያስነሳውን አቧራ ታይ ነበር።

«ምን ዓይነት ልስጥዎት፣ ጋሼ?» አለ ሻጩ።

«እሷን ጥላ የማትሄድ።»

ሚስቱ የነዘረውን አንጓ ይዛ ቀስ አድርጋ አሸችለት። «አስፋልት ላይ'ኮ ወደ ኋላ የምትቀረው አንተ ነህ፣ ፍየሌ» አለችው። «ግድ የለም፤ መጠበቅ ለምጃለሁ።»