አማቹ ያመጣው ባትሪ

"አውጣልኝ! ይሄን ባትሪ ከቤቴ አውጣልኝ!"

"ሸምሱ... ቀስ በል፣ እንግዳ አለ።" ኢብራሂም ያቀፈውን የመኪና ባትሪ ደጃፉ ላይ አስቀመጠ።

"እንግዳ እንዲያይ እኮ ነው ያመጣኸው! 'የሸምሱ ቤት ጨለማ ነው፣ እናቱን በኩራዝ ያሳድራል' እንዲባል!"

"ወላሂ እንደሱ አይደለም።"

"እና ለምንድን ነው?"

ኢብራሂም የሸምሱን እናት እማማ ዘይነባን አያቸው። እሳቸው አንገታቸውን ደፉ... እሱም ወደ ባትሪው ጎንበስ አለ።

ይህ ሸምሱን ይበልጥ አነደደው።

ነገሩ የዛሬ ብቻ አልነበረም...

ዕለቱ የ2004 ዓ.ም አረፋ ነው። ሸምሱ የሚኖረው ከከተማ ወጣ ብሎ ሀቢቾ ዳር፣ መብራት ገና ያልገባበት ሰፈር ነው። እናቱ ደግሞ ሆሳዕና ከተማ፣ ከእህቱ ከለይላና ከባሏ ከኢብራሂም ጋር።

በእነሱ ቤተሰብ ወግ፣ በአረፋ ማግስት ጠዋት እናት ልጇ ደጃፍ ቆማ ትመርቀዋለች። ለዚያ ደግሞ እዚያው ማደር አለባት።

እማማ ዘይነባ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሸምሱ ቤት አላደሩም። ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ ይስቃሉ... ጀምበር ስታዘቀዝቅ "ልጄ፣ ልሂድ" ይላሉ።

ጎረቤቱ ሳይቀር "ሸምሱ፣ እናትህን አማችህ ወረሰብህ እንዴ?" እያለ ይቀልድበታል። እሱም አብሮ ይስቃል... ቤቱ ሲገባ ግን ይብሰለሰላል።

ኢብራሂም ሚኒባስ አለው። ኢብራሂም የግንብ ቤት አለው። አሁን እናቱም የኢብራሂም ይሁኑ?

ዘንድሮ አዲስ ፍራሽ ገዛላቸው። አልጋውን በገዛ እጁ አነጠፈ። እማማም "ዛሬ አድራለሁ" አሉት። ሸምሱ ደስታውን ሳያጣጥም፣ ኢብራሂም ባትሪ አቅፎ ከተፍ አለ።

"ለእናትህ የሚመቻትን እኔ አውቅልሃለሁ ልትለኝ ነው አይደል?"

"ተወኝና ልግጠመው። ከዚያ እሄድልሃለሁ።"

"እናቴን ወሰድክ... አሁን ደግሞ ቤቴን ልታበራልኝ?!"

ባትሪውን ብድግ አድርጎ ወደ ግቢው ወረወረው።

ድንጋይ ላይ አረፈ። ጎኑ ተሰነጠቀ። አሲዱ ሣሩ ላይ ፈሰሰ...

ኢብራሂም ራሱን ያዘ። "ምን አደረግክ ሸምሱ... የእማማ ማሽን እኮ ነው በሱ የሚሠራው!"

"የምን ማሽን?"

ኢብራሂም ከእማማ ቦርሳ ትንሽ ማሽን፣ ረጅም ቱቦና አፍንጫ ላይ የሚደረግ ጭንብል አወጣ።

"ሲተኙ ትንፋሻቸው ይቋረጣል። ሐኪሙ 'ያለዚህ አንድ ሌሊት እንዳይተኙ' ብሏል። ያለ መብራት ደግሞ አይሠራም። አንተ ጋ የማያድሩት ለዚህ ነው! 'ልጄ መብራት የለኝም ብሎ ያፍራል፣ እንዳትነግሩት' ብለው አስምለውን ነው..."

ሸምሱ የተሰነጠቀውን ባትሪ አየ። "ባትሪውስ?"

"ከሚኒባሱ ነቅዬ ነው። በበዓል ቀን መኪናዬን አቁሜ፣ ባትሪውን አቅፌ በሰው ሞተር መጣሁ። 'ዘንድሮ ሸምሱ ቤት ይደሩና ይመርቁት' ያልኳቸው እኔ ነኝ።"

ሸምሱ ወደ እናቱ ዞረ።

"እማዬ... ሌላ ባትሪ እፈልጋለሁ። ከሰው እለምናለሁ... ዛሬን ብቻ..."

እማማ ማሽኑን ከኢብራሂም ተቀብለው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። አዲሱን ፍራሽ አንድ ጊዜ ዳሰሱት።

ከዚያ ወደ ሆሳዕና የሚወስደውን የመኪና መንገድ ይዘው ሄዱ።

ኢብራሂም ቦርሳውን ሊይዝላቸው ከኋላቸው ሮጠ። ሸምሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ አየው...

አሁንም ቀናበት።

ወዳጆቼ... ስንቀና የሌላውን ሰው ዕቃ የምንሰብር ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የምንሰብረው እኛው ስንናፍቀው የኖርነውን ነገር ነው።

እስቲ ንገሩኝ... ጥፋቱ የማን ነው? ሳይጠይቅ የቀናው የሸምሱ? ወይስ "ልጄ እንዳያፍር" ብለው እውነቱን የደበቁት የእናቱ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።