የቀትር ተረኛ

አሰፋች መልእክቱን ለሦስተኛ ጊዜ አጠፋችው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፤ ያው ስም፣ ያው ቃል። «ጋረደው ትናንት ፋው ላይ አርፏል። ለቤተሰቡ ንገሩ።» ላኪው ሙሐመድኑር ይባላል፤ ከሟቹ ጋር እዚያው ፋው እርሻ ላይ ማሽላ ሲያጭድ የከረመ ሰው ነው። ኔትወርኩ በላብኝ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ ደጋግሞ ይልከዋል።

ስደተኞቹ በስልክ ወሬ የሚለዋወጡበት ግሩፕ ውስጥ ስምንት መቶ ሐበሻ አለ። የጋረደው ሚስት ሸጊቱ ደግሞ እዚሁ አጠገቧ፣ በሱዳኗ ገዳሪፍ ገበያ ዳር ካለችው ኢንተርኔት ቤት፣ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች።

«ከፋው እርሻ ምን ወሬ አለ?» አለች ሸጊቱ። ማንበብ አትችልም። በየቀኑ ቀትር ላይ ትመጣለች፣ አሰፋች ታነብላታለች።

«ቆይ እትዬ ሸጊቱ፣ እስኪከፍት ነው።»

ግሩፑን የመጠበቅ ሥራ ደመወዝ የለውም። አራት ሆነው ቀኑን እንደ ማኅበር ጽዋ ተካፍለውታል። ጠዋት ያዕቁብ ሾዋክ ከተማ ሆኖ «ሊቢያ እናሻግራለን» ባይ ደላሎችን ያባርራል። ቀትር የአሰፋች ነው፤ በዚህ የረሃብ ዓመት ሰው የሚሰዳደበው ቀትር ላይ ነውና ዘር እየቆጠረ የሚዘረጥጠውን ሁሉ የምትጠርገው እሷ ናት። ማታ ሂያም ትረከባለች፤ ሱዳን ተወልዳ ስላደገች በዐረብኛ የሚመጣ የውሸት የእርዳታ ማስታወቂያ አያመልጣትም። አያ ወልደ ማርያም ስልክ መነካካት አይወድም፣ የእሱ ድርሻ መርዶ ነው። ሞት ሲለጠፍ ተረኛው ያጠፋና ይደውልለታል፤ እሱ ሽማግሌ ይዞ ቤት ድረስ ሄዶ ያረዳል። አራቱ ያልተጨቃጨቁበት ነገር የለም፣ መርዶ በስልክ አይነገርም በሚለው ግን አንድ ቀንም ተጨቃጭቀው አያውቁም።

አራተኛውንም አጠፋችውና ለሙሐመድኑር ለብቻው ጻፈችለት። «ወንድሜ፣ አትለጥፈው። ሚስቱ አልሰማችም።»

«ሰው ሞተ እያልኩሽ ታጠፊዋለሽ? ሰው አይደለሽም?» ቀጠለና፣ «አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ» አለ።

አልተቀየመችውም። ለመቀየምም አቅም ይጠይቃል። ድሮ ቢበዛ በሳምንት አንድ ሞት ታጠፋ ነበር፤ አሁን በቀን ሦስትና አራት ነው፣ ጣቷን ጠልታዋለች። «እግዜር ይስጥህ። እስከ ነገ ብቻ ያዝልኝ» ብላ ጻፈች። «ኸላስ፣ በቃ እሺ» የሚል መልስ መጣ።

ግን ስንት ሰው አይቶት ይሆን? ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ ስልክም ያው አፍ ነው። በሩ አጠገብ ስልኳን የምትነካካው የግሩፑ አባል ወለተ ማርያም ቀና ብላ ሸጊቱን አየቻት፤ ወይም ለአሰፋች እንደዚያ መሰላት።

አሰፋች «ውኃ ልጠጣ» ብላ ወጣችና ደጅ ሆና ደወለች። አያ ወልደ ማርያም ሰምቷት ሲያበቃ፣ «ጋረደውም?» አለ። ከዚያ፣ «በዐሥር ሰዓት ሰዎቹን ይዤ ቤቷ እገባለሁ። እስከዚያ አትለያት።»

ተመልሳ ተቀመጠችና ያገኘችውን ሁሉ አነበበችላት። ሾዋክ እህል ይታደላል የተባለው ውሸት እንደሆነ፣ መታወቂያ የጣለ ሰው እንዳለ፣ አንዱ ወንድ ልጅ እንደተወለደለት።

«እሰይ። ያሳድግለት» አለች ሸጊቱ። «ከጋረደውስ?»

«ከእሱ የለም።»

ድምፅዋ ደህና ወጣላት። በመጀመሪያ እፎይ አለች፤ ቀጥሎ እንዲህ አሳምራ መዋሸት መቻሏ አሳፈራት።

ሸጊቱ ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ እጇን ዘርግታ የአሰፋችን ነጠላ ያዝ አደረገች።

«ነጠላሽን አዘቅዝቀሻል።»

አሰፋች ወደ አንገቷ አየች። ጥለቱ ሽቅብ ዞሮ ተጠምጥሟል፣ ልክ እንደ ለቀስተኛ። መቼ እንዳደረገችው አታውቅም። ደጅ ስትደውል ይሆናል፤ የሞት ወሬ ስትሰማ እጇ ከልጅነት እንደለመደው አድርጎታል። የስምንት መቶ ሰው አፍ ስትጠብቅ የገዛ እጇን ረሳችው።

«እትዬ...»

«ዝም በይ። ከአፍሽ አታውጪው።» ሸጊቱ አላለቀሰችም። ነጠላውን ከአሰፋች አንገት ላይ ፈትታ፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሳ፣ ልጅ እንደምታለብስ ቀስ ብላ አለበሰቻት። «መቼ ነው የሚመጡት?»

«በዐሥር ሰዓት።»

«ነገ በጠዋት በያቸው።»

«ኧረ እትዬ፣ እንዴት አድርገሽ ይዘሽው ታድሪያለሽ?»

«አንድ ማልዋ ስፍር ማሽላ ደርሶኛል ዛሬ።» እግሯ ሥር ያለችውን ትንሽ ከረጢት በእግሯ ነካ አደረገቻት። «ልጆቹ ትናንትናም አልበሉ። አሁን ቤቴ ለቅሶ ከገባ ማን እሳት ያነዳል? እዝን ይዞ የሚመጣ ጎረቤት እንደሁ የለኝ፣ ሁሉም ጦሙን ነው ያለ። ዛሬ ጠግበው ይደሩ። አባታቸውን ነገ ያልቅሱ።»

አሰፋች ማልቀስ ፈለገች፤ እዚህ ብታለቅስ ግን ቤቱ ሁሉ ያውቃል፣ ዋጠችው።

ሸጊቱ ከረጢቷን አንስታ ታቅፋ ቆመች። በሩ ጋ ስትደርስ ወለተ ማርያም ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ከትታ፣ አይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ከፋው ወሬ አለ ሸጊቱ?» አለቻት።

«ዛሬስ የለም» አለች ሸጊቱ። «ነገ ይመጣል ይላሉ።»